በዐይን ሳፍሳፍ ረጋጩና ጭስ በላው የተፈተኑበት ሁለት ቀን

ንዌጥን እንግዲህ። የመንደሩ ትራንስፎርመር በተቃጠለ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የተኩስ ሜዳው ማማ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ በሦስተኛው፣ የኃያሉ ባለታሪካችንም ትከሻ በሐኪም ቢላ በተከፈተ በስምንተኛው ወር፣ በቃ በሚባለው ሸለቆ ወይኑ ተለቅሞ ድርጭት ከሰሜን በሚወርድበት ሰሞን፣ የመንደሩ ሰው አቡ ገጣስ የሚላቸው ሚትሪ፣ ሞዓ ድርጭት፣ ሰባሬ ሸክላ፣ በአንድ ጠዋት የሰባት ቆቅ ጌታ፣ በሁለት ተቃውሞ ብቻ የሜዳው ሊቀ መንበር፣ በዐይን ሳፍሳፍ መንደር በክብር ተቀምጠው ሳሉ የሆነውን ነገር፣ ያየሁትን አይቼ፣ የሰማሁትንም መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሰምቼ፣ እኔ ሹክሪ የሜዳው መዝገብ ያዥ ጽፌዋለሁ። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለኝም። ከእያንዳንዱ አደን አንድ ድርጭት ይሰጠኛል፤ እርሷም ሁልጊዜ ከሲታዋ ነች።

በዚያ ዘመን ዐይን ሳፍሳፍ ለሁለት ጎራ ተከፍላ ነበር፤ ጎራውም በሃይማኖት ወይም በፓርቲ አልነበረም፣ ያማ ቀላል ነው፤ በወፍ ጠመንጃ ነበር እንጂ። ሁለቱም ጠመንጃዎች በራሳቸው የሚጎርሱ ናቸው፤ አንዱን ተኩሰው ምላጩን እንደገና ሲስቡ ሌላው ጥይት ተሰናድቶ ይጠብቃል። ዳሩ ግን አጎራረሳቸው ለየቅል ነው። የአቡ ገጣስ ጠመንጃ፣ በሜዳው ስሙ ረጋጩ፣ የሚጎርሰው በራሱ እርግጫ ኃይል ነው፤ ክብደቱ ቀላል፣ ሆዱ ንጹሕ፣ ሦስት መቶ ጥይት ተኩሶ በጨርቅ ቢያብሱት የሚበቃው፣ ነገር ግን ትከሻ እንደ ግድግዳ ቆሞ ካልተቀበለው ቀለሃውን አልተፋም ብሎ የሚያኮርፍ። የአማቻቸው የኸጣር ጠመንጃ፣ ስሙ ጭስ በላው፣ ከሚቃጠለው ባሩድ ጥቂት ጭስ ሰርቆ በዚያ ይጎርሳል፤ ስለዚህ ሲተኮስ ትከሻን የሚነካው እንደ ትራስ ነው፣ ቀላል ጥይትም ከባድ ጥይትም ቢሰጡት አይመርጥም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ከአደን በኋላም ተፈታትቶ ጥላሸቱ በብሩሽ ካልተፋቀለት በሚቀጥለው እሑድ ይታመማል።

ኸጣር የአቡ ገጣስ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው መስታወት መቁረጥ፣ አካሉ ቀጭን፣ ንግግሩ ጥቂት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ጭስ በላውን ይዞ ወደ ሜዳው የመጣ ቀን፣ አቡ ገጣስ ወንበር ላይ ቆመው አዋጅ ተናግረው ነበር፤ ቃሉም በመዝገቤ እንዲህ ተጽፏል፦

«እኔ ጠመንጃ አጣቢ አይደለሁም! ይሄንን ጭስ በላ በትከሻዬ ላይ ያያችሁ ቀን፣ አህያ ላይ ፊቴን ወደ ጭራዋ አድርጋችሁ መንደሩን አዙሩኝ። ኸጣር ግን ይያዘው፣ አልፈርድበትም። ልጁ የቅቤ ትከሻ ነው፣ በረጋጭ ቢተኩስ ይቀልጥብናል!»

ከዚያ ቀን ወዲህ የኸጣር ስም ጠፍቶ «የቅቤ ትከሻ» ሆኖ ቀረ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው እንኳ በዚህ ስም ይጠራው ነበር። እርሱም ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም፣ ይህንንም ሁላችን እያየን እንዳላየን እናልፍ ነበር።

ወእምዝ በዚህ ዓመት በብርዱ ወራት ኃያሉ አቡ ገጣስ የወይራ ቅርንጫፍ ሲገርዙ ከዛፍ ወደቁ፤ ትከሻቸው ተቀደደ፣ ተሰፋም። በሰፋው ሐኪም ቃል መነሻነትም ባለቤታቸው እመቤት ኡም ገጣስ በወጥ ቤታቸው ውስጥ አዋጅ አወጁ፤ መስኮቱ ከእኔ አግዳሚ ወንበር በላይ ነውና ቃሉን ሳላጎድል ይዣለሁ፦

«ስማኝ ሚትሪ። ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ያ ረጋጭህ አንዴ ደህና አድርጎ ካገኘህ ክንድህ ማንኪያ አያነሳም። ወይ እንደ ወንድሜ የማይራገጥ ያዝ፣ ወይ እዚህ ከእኔ ጋር ቁጭ በልና ባሚያ ቁረጥ። ሌላ የለም፣ ሀቢቢ!»

አቡ ገጣስ ከወጥ ቤቱ ወጡ። ለሜዳው ሰውም ትከሻዬ ድኗል አሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ነበር፦ ረጋጩን ከያዙ ክንዳቸውን ያጣሉ፤ ጭስ በላ ከያዙ በሃያ ሁለት ዓመት አዋጃቸው መሳቂያ ይሆናሉ፤ ሁለቱንም ከተዉ እሑድ ጠዋታቸው ይቀራል። ከማስተማር ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ከእሑድ ጠዋት በቀር የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም፤ ይህን ስጽፍ አዝኛለሁ። ነገሩን ከሚስታቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልተናገርኩምም። መዝገብ ያዥ ነኝ እንጂ ራዲዮ አይደለሁም።

አደን በሚከፈትበት ሳምንት፣ ስለ ምስጢሩ ምንም የማያውቀው ኸጣር፣ በማማው ጥላ ሥር ሁሉም በተሰበሰበበት ተነሣ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያ አዋጁ ነበረ፦

«እስከ ዛሬ ሰደባችሁኝ፣ እኔም ቻልኩት። አሁን በቃኝ። ቅዳሜ በሸክላ፣ እሑድ በድርጭት እንፈትናቸው። ቅዳሜ ጠመንጃ እንለዋወጣለን፣ ሹክሪ ይጽፋል፣ ከዚያ ሁላችንም አፋችንን እንዘጋለን። ምን ትላለህ አቡ ገጣስ? ፈራህ እንዴ?»

ኃያሉም እምቢ ማለት ምስጢርን መናዘዝ መሆኑን አውቀው፣ «እኔ? እኔ ልፍራ?» ብለው የተሰፋ ትከሻቸውን በሌላው እጃቸው መቱት፤ ከመቱትም በኋላ ፊታቸውን ወደ ማማው አዞሩ።

በቅዳሜውም ዕለት ወደ ሜዳ የወጡ ተከታዮች እነዚህ ናቸው፦ ጥርስ ሐኪሙ ወዲዕ ከሚታጠፍ ወንበሩና ማንም እንዲነካው ከማይፈቅድ የሻይ ፔርሙዙ ጋር፤ ዳቦ ጋጋሪው ናዕማን፣ በመንደሩ የቀረችው የብቸኛዋ አህያ ባለቤት፣ አርባ መናቂሽ የሚባል ቅመም የተነሰነሰበት ቂጣ ጋግሮ የመጣና ዐሥራ አንዱን በመንገድ የበላ፤ በወይራ ድንበር ተጣልተው ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስለዚህም በሜዳው ሁለት ጫፍ የቆሙ፤ ተኩስ ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ከፒክአፑ ሥር ያልወጣው አዳኝ ውሻ ሱልጣን፤ እኔም ከነእርሳሴ። ሌሎችም ነበሩ፣ ነገር ግን የሜዳውን መዋጮ ስላልከፈሉ ስማቸው አይጻፍም።

አቡ ገጣስ ረጋጩን ይዘው ቀድመው ቆሙ። ወርዋሪው ማሽን ብርቱካናማዎቹን የሸክላ ሳህኖች ወደ ሰማይ ለቀቃቸው፤ ሦስቱ በሦስት ተኩስ ተሰባበሩ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። በአራተኛው ግን ጠመንጃው ተኩሶ ቀለሃውን በአፉ እንደነከሰ ቀረ። በሰባተኛው እንዲሁ ሆነ፣ በዘጠነኛውም። ኃያሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው አወጁ፦

«ጥይቱ ነው! ሃያ አራት ግራም እርሳስ! ይሄ እንኳን ጠመንጃ ሊያጎርስ ዝንብም አያባርር! የሜዳው ኮሚቴ ሊያፍር ይገባዋል!»

የኮሚቴው ሊቀ መንበር እርሳቸው መሆናቸውን ማንም አላስታወሳቸውም። ረጋጩ ቀላል ጥይት እንደማይወድ የታወቀ ስለሆነ ሕዝቡ አመነ። ከሃያ አምስት ሸክላ ዐሥራ አራት ሰበሩ፣ ስድስት ጊዜ ቀለሃ ተነከሰ፤ ላባቸውም ከዕለቱ ሙቀት በላይ ነበር።

ወካዕበ ኸጣር ያንኑ ረጋጭ፣ ከዚያው ካርቶን ያንኑ ቀላል ጥይት ይዞ ቆመ። በእያንዳንዱ ተኩስ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሰበረ፣ አንድም ቀለሃ አልተነከሰም። ሕዝቡ ራሱን አከከ፣ ጥይቱ ያው ነበረና። ኸጣር መጀመሪያ ጠመንጃውን አየ፤ ቀጥሎ ካርቶኑን አየ፤ በመጨረሻ የእኅቱን ባል ትከሻ አየ። በመስታወት ላይ ስንጥቅ ሲፈልግ እንዲሁ ነው የሚያየው። ከዚያም በዝግታ፣ «ዕድል ነው» ብሎ ተቀመጠ።

በተራው ኸጣር በጭስ በላው ሃያ ሰበረ። ከእርሱም ቀጥሎ አቡ ገጣስ ያንን ለሃያ ሁለት ዓመት የናቁትን ጠመንጃ ተቀብለው፣ የቆሸሸ ካልሲ በሁለት ጣት እንደሚይዝ ሰው ይዘው፣ ወደ ትከሻቸው አነሡት፤ ተኮሱም። ሃያ ሦስት ሰበሩ። በፊታቸው ላይ ያየሁትን ልጻፍ፦ እግሩን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ፊት ነበር። ሕዝቡም ይህን አይቶ በሳቅና በጭብጨባ ሜዳውን ሲያናውጠው፣ ኃያሉ ከሞቀው ውኃ በድንገት ወጡ፦

«ምን ያስቃችኋል? ነፋሱ ረድቶኝ ነው! ይሄ ጠመንጃ ነው እንዴ? ሶፋ ነው፣ ሶፋ ተሸክሜ ነው የተኮስኩት! ደግሞ ሸክላ ምኑ ወፍ ነው? ነገ በሕያው ድርጭት እንተያይ! በረጋጩ ነው የምወጣው፣ በከባዱ ጥይት፣ በአባቴ መቃብር!»

ይህንም ብለው የሠላሳ አራት ግራም የአደን ጥይት ከነካርቶኑ በብብታቸው ይዘው ሄዱ። መሐላውን ማንም ሊያነሣላቸው አይችልም ነበር፤ ነገ ያ ክንድ እንደሚሄድ አውቄ ራቴ አልወረደልኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኸጣር ወደ እኅቱ ወጥ ቤት ሎሚ ሊለምን ገባ። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሎሚ ሳይዝ ወጣ።

ወበሳኒታ፣ በእሑዱ ጠዋት፣ ስንዴው በታጨደበት ሰፊ እርሻ ዳር ሠራዊቱ ተሰበሰበ። ጠመንጃዎቹ ባዶ ሆነው፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ በብርድ ልብስ ላይ ተጋድመው ሳለ፣ በፒክአፑ ኮፈን ላይ ላብነህ የተባለው ወፍራም እርጎ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ፍሬና የናዕማን መናቂሽ ተዘረጋ። በዚያ ማዕድ ላይ የሆነውን ከመጻፌ በፊት ስለ ሥርዓታችን አንድ ቃል ልናገር። በእኛ ዘንድ ሰው የሰውን ዕቃ በአደባባይ ካደነቀ፣ ባለቤቱ «ቀርቧል፣ ያንተ ነው» ማለት ግዴታው ነው፤ አድናቂውም «ከባለቤቱ ጋር ያምራል» ብሎ መመለስ ግዴታው ነው። በዚህ ሥርዓት ሰዓት ሲቀርብ አይቻለሁ፣ መኪና አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቀርቧል። ማንም ሲወስድ አይቼ አላውቅም፤ የወሰደ ሰው ምን እንደሚባልም ስም አልወጣለትም።

ኸጣርም አፉን በመሐረብ ጠርጎ፣ ከብርድ ልብሱ ረጋጩን አንሥቶ፣ ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ አወጀ፦

«ወንድሞቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስቼ ኖርኩ። ይሄን ሰደፍ እዩት፣ እንዴት ያለ የዋልነት እንጨት ነው! ክብደቱን እዩት፣ እንደ ሸንበቆ! ሜዳ ለሜዳ ድርጭት ተከትሎ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ማጠብ የለ፣ መፋቅ የለ። አቡ ገጣስ፣ እጅህ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በሕይወቴ አላየሁም።»

ኃያሉም ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ሰፋ፤ አንደበታቸውም ከለመደው መንገድ ሳይወጣ፣ «ቀርቧል፣ ያንተ ነው!» አለ። ሁላችንም ወደ ምግባችን ተመለስን፤ የሚቀጥለውን ቃል እናውቀዋለንና።

ኸጣር ግን፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ወስጃለሁ» አለ፤ ጠመንጃውንም በትከሻው አንጠለጠለው።

የጥርስ ሐኪሙ ፔርሙዝ ከእጁ ወደቀ። የማይነጋገሩት ሁለቱ ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ናዕማን የጎረሰውን ሳያላምጥ ቆየ። አቡ ገጣስ ፊታቸው እንደ ሱማቅ ቅመም ቀላ፤ መልሰህ አምጣ ማለት አይችሉም፣ ቃላቸው ነው፤ መማታት አይችሉም፣ የሚስታቸው ወንድም ነው። በእጃቸው የቀረ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበረ፣ እርሱም ያው ሥርዓት፤ ጥርሳቸውን ነክሰው መዘዙት፦

«እኔስ! እኔስ የማደንቀው የለኝም? ያንተ ጭስ በላ… እህ… እንዴት ያለ… ለስላሳ ነው! እንዴት ያለ ውብ ጥላሸት አለው! ዓለም ላይ እንደሱ ያለ የለም፣ ሰማህ? የለም!»

«ቀርቧል፣ ያንተ ነው» አለ ኸጣር ወዲያው፣ እንደተዘጋጀ ሰው።

«ወስጃለሁ!» አሉ ኃያሉ፤ መሐላቸውም ትዝ ሳይላቸው፣ አማቻቸውን ባዶ እጁን እንዳስቀሩት ቆጥረው፣ ጭስ በላውን ይዘው ወደ እርሻው ገሠገሡ። ባዶ እጁን ግን አልነበረም፤ ረጋጩ በትከሻው ነበረ። ይህን እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁ።

ድርጭቶቹ ከቃርሚያው ውስጥ ብር እያሉ ተነሡ። ስለ ሁለቱ ጠመንጃዎች አድልዎ የሌለበት ምስክርነት እሰጣለሁ፦ ረጋጩ ጠዋቱን ሙሉ አንዴም አልታነቀም፣ ኸጣርም ሳይደክመው ተሸክሞት ዞረ፣ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ተንገዳገደ፣ አራት ድርጭት ጣለ። ጭስ በላው በስድስተኛው ድርጭት ላይ ገለባና ጥላሸት ገብቶበት አንዴ ተንተባተበ፣ አቡ ገጣስም ሰደቡት፣ በሁለት እጅ አራገፉትና ዘጠኝ ጣሉ። ከዘጠነኛው በኋላ ባርኔጣቸውን ሊያስተካክሉ የተሰፋውን ክንዳቸውን አነሡ፤ ክንዱም ያለ ሕመም እስከ ላይ ድረስ ሄደ። በዚያው ቆመው ክንዳቸውን ትንሽ ተመለከቱት።

ከዚያም በእርሻው ማዶ ኸጣርን አዩ። ኸጣር ተኮሰ፤ ከተኮሰም በኋላ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ከጃኬቱ ሥር ከቶ ትከሻውን ያዘ፣ ድምፅ ግን አላሰማም። አቡ ገጣስ ለረጅም ጊዜ አዩት። በዚያን ጊዜ ሦስት ድርጭት ከእግራቸው ሥር ተነሥተው በፊታቸው ሄዱ፤ ጠመንጃቸውን አላነሡም። በአርባ ዓመት መዝገቤ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አያውቅም።

በቀትር ኡም ገጣስ ድርጭቱን ጠብሰው የሮማን ድብስ የተባለውን ወፍራም ጭማቂ አፍስሰውበት፣ ዐረቄውም ውኃ ሲነካው እንደ ወተት ነጥቶ ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ፍርድ ጠየቀ፤ የትኛው ይሻላል ተባለ። ኃያሉ አቡ ገጣስ እንደ ሃያ ሁለት ዓመቱ ወንበር ላይ ወጡ። አዋጃቸውም ይህ ነው፦

«ናዕማን፣ አህያህን አምጣ። ምን ታያለህ? አምጣ ብያለሁ! ሹክሪ፣ አንተ ጻፍ። ረጋጩ ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ደህና ትከሻ ላለው። እኔ ትከሻዬ ሞቷል፤ ስምንት ወር ዋሸኋችሁ። ይሄ ልጅ ትናንት አወቀብኝ፣ ዛሬ በሰው ፊት ሊያሳፍረኝ ሲችል ራሱን ስግብግብ አስመስሎ እርግጫዬን ወሰደልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የቅቤ ትከሻ እኔ ነኝ። ኸጣርን በዚህ ስም የጠራ ሰው በዚህ ማዕድ አይቀመጥም። ጨርሻለሁ።»

ኸጣርም፣ «ኧረ ተው አቡ ገጣስ፣ ውረድ፣ ትወድቃለህ» አለ፤ ዓይኑንም ወደ ሰላጣው አደረገ።

አህያዋ መጣች። ኃያሉ ጭስ በላውን አንግበው፣ ፊታቸውን ወደ ጭራዋ አድርገው ተቀመጡ፤ ሰልፉም ከማማው ተነሥቶ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል አልፎ፣ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ዞረ። ሴቶች ከሰገነት ላይ እልል አሉ፣ ሩዝም በተኑ፤ ምክንያቱን የማያውቁት ሠርግ መስሏቸው ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ከኋላው የሚከተለውን ነው፤ ከአህያዋ ኋላ ደግሞ የሄደው ረጋጩን በግራ ትከሻው የያዘው ኸጣር ነበር። መንደሩን እስኪዞሩ ድረስ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው ሄዱ፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። በደጃቸውም ኡም ገጣስ የትከሻ ቅባት ይዘው ቆመው አወጁ፦

«ለማን ልቀባ? ቶሎ በሉ፣ እጄ ቅባት ሆኗል!»

«ለእሱ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ቃል።

እንግዲህ ክብር ለአቡ ገጣስ ሚትሪ ይሁን፣ ሞዓ ድርጭት፣ ሰባሬ ሸክላ፣ ጠመንጃቸውን እሑድ እሑድ በገዛ እጃቸው በብሩሽ ለሚፍቁ፣ የሃያ ሁለት ዓመት አዋጃቸውን በአህያ ጀርባ ለፈጸሙ፣ በሕዝብ ፊት የቅቤ ትከሻ ለሆኑ። ክብር ለጭስ በላውም ለረጋጩም ይሁን፣ ሁለቱም የየራሳቸው ጌታ አላቸውና። በዚያ ቀን ከድስቱ የወፈረችውን ድርጭት ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ወስጄ ኸጣር ሳህን ላይ አኖርኳት። በዚህ መዝገብ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «የቅቤ ትከሻ» ብዬ በጻፍኩበት ገጽ ሁሉ ያንን ሰርዤ «ኸጣር» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሥራው አራት ቀን ፈጀብኝ፣ እጄም ዝሏል፣ ግን አንድም ገጽ አልዘለልኩም።